ረጅም እጅጌ

የካቲት 4
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ጉበቴ ላይ ውሃ የቋጠሩ ሦስት ከረጢቶች ተገኙ። «ሲስት ነው የሚባሉት። ካንሰር አይደሉም፣ ከድሮው በሽታዎም ጋር አይገናኙም» አለች ወጣቷ ሐኪም። የድሮው የገዛ ሰውነቴ ጉበቴን የሚያጠቃበት ነው... እሱንማ ከነማሳከኩ ለምጄዋለሁ። ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ይበቅላል? ማን ያምናታል።

የካቲት 7
ባለቤቴ ስልክ ሲደወልለት በረንዳ ወጣ። እሱ! ሲያወራ ሰፈር የሚሰማው ሰውዬ። «አሁን እንዳትነግሪያት፣ አትችለውም» ሲል ሰማሁት።
ማን ነው ስለው «የመሥሪያ ቤት ሰው» አለኝ። ውሸት አይችልበትም።

የካቲት 9
ልጄ ዓይን ዓይኔን አታየኝም። ከስታለች። በእኔ ሐሳብ አለቀች የኔ ምስኪን። በቃ፣ ካንሰር ነው። ሐኪሟ ለእነሱ ነግራቸው እኔን ታታልለኛለች።

የካቲት 12
ብቻዬን ሄጄ ሐኪሟን አፋጠጥኳት። ምስሉን አሳየችኝ። «ብዙ ሰው ሳያውቃቸው ተሸክሟቸው ይኖራል።»
«ለቤተሰቤ የነገርሻቸው ነገር የለም?»
«ስለ እርስዎ? ምንም።» ግን አቀርቅራ ወረቀት ታገላብጥ ጀመር... ለምን?

የካቲት 15
ለልጄ ቀሚስ ልሰፋላት ሜትር ይዤ ጠራኋት።
«በድሮው ልክ ስፊው፣ እማዬ።»
በዚህ ሙቀት ሹራብ ለብሳለች። ልብስ ሰፊ እናት እያላት በሹራብ ላይ ልትለካ? እጇን ይዤ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰብኩት። ክንዷ በጥፍር ተቧጭሮ አልቋል፣ አንዳንዱ ደምቷል። ይሄን ጭረት አውቀዋለሁ። የእኔ ክንድ ነው።
«መቼ አወቅሽ?»
«ካንቺ አልትራሳውንድ በፊት፣ እዚያችው ያንቺ ሐኪም ጋ። ልነግርሽ ስል ያንቺ መጣ... አባዬን ነው የነገርኩት።»
እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። የፈራሁት የራሴን ሞት ነበር። ምነው የእኔ በሆነ።

የካቲት 16
ጠዋት ኪኒኔን ይዤ ጠራኋት። ቦርሳዋ ሥር የደበቀችውን አውጥታ ከእኔው ጎን አስቀመጠች። አንድ ዓይነት።
«በባዶ ሆድ ነው?»
«ከምግብ ጋር። ሲያሳክክሽ ደግሞ አትቧጭሪ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት።»
«አንቺ ግን ትቧጭሪያለሽ።»
«እኔን አትዪ።»
ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው...
የቀሚሷን እጅጌ ሰፋ አድርጌ ከስስ ጥጥ ቆረጥኩላት። ሦስቱ ከረጢቶች ትዝ ያሉኝ ይሄን ስጽፍ ነው። እዚያው ይቀመጡ።