የአሥራ ሰባቱ ብሎኖች ምስክርነት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለችኮዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ወገቧ ተሽሏት እኔን መቆጣት ጀምራለች፤ ጤነኛ ናት ማለት ነው።

ወሬውን ላስቀድምልሽ፦ ብሎን እንዳይላላ ለሠራሽው ዳዶ ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ተፈቀደለት!

እንዴት መሰለሽ። በእናትሽ በኩል የላክሽውን ውክልና ይዤ ፓተንት ቢሮው ቀረብኩ። መርማሪዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ የተሰነጠቀ ዳዶ ድሮም ነበር። ሾጣጣ ቀለበትም ነበር። ሁለቱን ማገናኘት ለማንኛውም ባለሙያ ግልጽ ነው፤ ግልጽ ለሆነ ነገር ደግሞ ፓተንት አንሰጥም» አለችኝ። አሁን ሲያዩትማ ማንን ያቅተዋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«ባለሙያው እኮ እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ጠግኛለሁ» አልኳትና ሣጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጥኩት። አንቺ አይተሽው አታውቂም፤ ከመሰርሰሪያው ሥር ደብቄው ነው የኖርኩት። ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ እንዳይላሉ ብዬ የሠራኋቸው አሥራ ሰባት ዓይነት ብሎኖች ናቸው። አንዱም አልሠራ። ሁሉን አዋቂ መስዬሽ ስኖር ሣጥኑ እዚያው ነበር።

አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው። «ልጅዎ የእሷን ስታሳይዎት ምን አሉ?»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ግን ዝም ካልኩ ድካምሽ ገደል ሊገባ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አልኳት። ሰው ፊት። ሳልሞክረው ወረወርኩት።»

ቃል በቃል ጻፈችው። ውሳኔው ላይም አለ፦ ችግሩን ለዓመታት የታገለው ባለሙያ መፍትሔውን በእጁ ይዞ እንኳ አላመነበትም፤ ስለዚህ ግልጽ አልነበረም። ያስለቀሰሽ ቃል እንዲህ ጠቀመሽ።

ልጄ፣ ያን ቀን ከወረወርኩበት አንስተሽ ስለጠረግሽው፣ እኔንም ስላልሰማሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ ወዲህ የምትጽፊው ለእናትሽ ብቻ ነው፤ አልቀየምም። ታነብልኛለች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት፣ ወፍጮው ከመነሳቱ በፊት ብሎን አጠብቅ ነበር። ያንቺን ዳዶ ወፍጮው ላይ ከገጠምኩ አራት ወር ሆነኝ። ዛሬም ለልማዴ ቁልፌን ይዤ ሄድኩ፤ ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። የማጠብቀው ሳጣ ቁልፉን አስቀምጬ እስክሪብቶ አነሳሁ።

እጅሽ ይባረክ። የያዝሽው ሁሉ ይጽናልሽ። ብረት የምናስርበት ሞርሳ አጠገብ ያለውን ቦታሽን ማንም አልነካውም፤ በየቀኑ አቧራውን እጠርገዋለሁ።

ባለሙያው
አባትሽ