ጆይስቲኩን ያስቀመጥክ ዕለት

ውድ አማቻችን ለመሆን ትንሽ ቀርቶህ የነበርክ፣

እንደምን አለህ ብዬ መጀመር ይገባኝ ነበር፤ ግን ደህና ነኝ ካልከኝ ስለምናደድ አልጠይቅህም። የምጽፍልህ ስለ ብስኩት ነው። አዎ፣ ስለ ብስኩት። ሶፋ ቤታችን ጓዳ ውስጥ ጌም ስንጫወት ትበላው የነበረው ብስኩት ፍርፋሪው ጆይስቲኩ ውስጥ ገብቶ፣ ይኸው አንዱ ቁልፍ አንዴ ከተጫኑት አልነሳም ይላል። በመርፌ ቆፈርኩ፣ በብሩሽ ጠረግኩ፣ እፍ አልኩበት። አልወጣ አለ። ሰው ሄዶ ፍርፋሪው ይቀራል?

ሌላ ጉዳይ የለኝም። ውሸቴን ነው።

የጌሙን አራቱንም ክፍል ሦስት ሆነን ነው የጨረስነው፤ አንተ፣ የእህቴ ልጅና እኔ። ቀን ሶፋ እናድሳለን፤ ሱቁ ሲዘጋ ሞላው የወጣ የደንበኛ ሶፋ ላይ ተደርድረን ያንን ተራራ ወጪ አሳሽና ካርታ አንባቢዋን ጓደኛውን ከገደል ገደል እናንከራትታቸዋለን። ጆይስቲኩ አንድ ስለሆነ ሕጋችን «የሞተ ያቀብላል» ነበር። እኔ ቶሎ ቶሎ ስለምሞት «ጋሼ፣ አንተ እኮ ተጫዋች ሳትሆን አቀባይ ነህ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ሳቅ፣ ግድ የለም።

የመጨረሻው ክፍል ሊያልቅ ሲል ተራው ያንተ ነበር። ካርታ አንባቢዋ ገደሉ ላይ በገመድ ተንጠልጥላለች፤ አሳሹ ከላይ ገመዱን ይዟል፤ ስክሪኑ «ቁልፉን ተጭነህ ያዝ» ይላል። ከዚያ በረዶው ሁሉን ነገር ነጭ ያደርገዋል፣ ገመዱ ድንጋይ ሲገርፍ ይሰማል፣ አሳሹ ብቻውን ቁልቁለቱን ሲወርድ ይታያል። አለቀ። ምን እንደተፈጠረ አይነግሩህም። ይህ ክፍል እስኪወጣ ያን ሁሉ ዓመት ጠብቀን!

«ለቀቃት» አልክ አንተ። «ብልህነት ነው። ከሁለት ሞት አንድ ይሻላል።»

«አልለቀቃትም!» አለች የእህቴ ልጅ። «እሷ ናት በቢላዋ የቆረጠችው። እሱ እንዲተርፍ።»

«ሠሪዎቹ ገንዘብ አልቆባቸው ነው» አልኩ እኔ።

ስቀን ተለያየን። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘህና ቀለበት ያሰርክላትን የእህቴን ልጅ በስልክ መልእክት ተሰናበትካት። መልእክቱን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «አንቺው ራስሽ ብለሻል፤ የቆረጠችው እሷ ናት። አንቺም እንደ እሷ ሁኚልኝ።»

ምነው ያን ጊዜ ጣትህን በቆረጠው! ጥሎ መሄድ ድሮም ያለ ነው። የልጅቷን ደግ ሐሳብ ሰርቀህ ለራስህ መሸኛ ማድረግህ ግን አንጀቴን አሳረረው። እሷ ደግሞ አመነችህ። ስረግምህ በሰማች ቁጥር «አጎቴ ተው፤ የለቀቅሁት እኔ ነኝ» ትለኛለች። እንደ ሰው አልተናደደች፣ እንደ ሰው አላለቀሰች። ራሷን ገደል ውስጥ አስቀምጣ ላንተ ደህንነት ትጸልያለች።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። እኔ ጸሎቱን ትቼዋለሁ።

በትንሹ ጀመርኩ። ሴቭ አድርገህ የሄድከውን ጨዋታ ከፈትኩና የሰበሰብከውን ወርቅ ሁሉ ወንዝ ውስጥ በተንኩልህ። አሳሽህን ካባውን ገፍፌ፣ ዝንብ የሚርመሰመስበት ረግረግ መሃል በሙታንታ አቆምኩት። ሴቭም አድርጌዋለሁ።

አላጠገበኝም። የመጨረሻውን ክፍል ብቻዬን፣ እየሞትኩ ለራሴ እያቀበልኩ፣ እንደገና ጨረስኩት። ገመዱ ጋ ስደርስ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ያው በረዶ፣ ያው ገመድ፣ ያው ብቻውን የሚወርድ ሰውዬ። ለያዘውም ላልያዘውም የሰጡት መጨረሻ አንድ ነው። ጨዋታው አይፈርድም።

ጣቴን እያሸሁ ሳለ ግን አንተ ያን ቀን ምን እንዳደረግህ ትዝ አለኝ። ጎንህ ነበርኩ እኮ። ስልክህ በራ። ጆይስቲኩን የሶፋው ክንድ ላይ አስቀመጥክና ፈገግ እያልክ ማንበብ ጀመርክ። እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ ስላልነቀለች አላየችህም። ገመዱ ሲገርፍ ቀና አልክና «ለቀቃት፤ ብልህነት ነው» አልክ።

ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። የአንድ ወንበር አሮጌ ጨርቅ የተመታበትን ምስማር በጉጠት እየነቀለች ነበር።

«መቼ ነው ያስቀመጠው?» አለችኝ። «ስክሪኑ ከመንጣቱ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

አንድ ምስማር ነቀለች። ሌላም ነቀለች።

«እንግዲያው እኔ ምንም አልቆረጥኩም» አለች። ጨርቁን እንዴት እንደቦጨቀችው ብታይ!

በቀሌ ይኸው ነው። የተከናነብከውን የእሷን ደግነት ገፍፌሃለሁ፤ ከእንግዲህ በራስህ ቆዳ ይብረድህ። ልመለስ ብለህ ብታስብ ደግሞ

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። እሷ ሱቁ ውስጥ ስላለች ትከፍተዋለች።

ድምፁን አወቅሁት። አንተው ነህ! ሻንጣህ ደረጃው ላይ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ስሟን አቆላምጠህ ጠራህ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ተደግፌ እየጻፍኩ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ» አለችህ፣ ለደንበኛ በምታወጣው ድምፅ። «የሚታደስ ዕቃ ይዘው ነው ወይስ ዋጋ ለመጠየቅ?»

«እኔ እኮ ነኝ» አልካት።

«ዕቃ ከሌለዎት በሩ ላይ አይቁሙ፤ ብርሃን ጋርደውብናል።»

ቀሪውን ወጥቼ በዓይኔ ልየው።

አጎቷ