የዴልመር አንድ ማይል

ማክሰኞ፣ ጁን 18

ሙቀት። ሃያ ፉርጎ ስንዴ ይዘን ወደ መገናኛው ወረድን። የምመራው ትንሽ የባቡር ድርጅት ሐዲድ እዚያው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አንድ ማይል የትልቁ ኩባንያ ነው፤ ከማይሏ ማዶ ደግሞ ስንዴያችንን ቶሎ የሚረከብ ሌላ ባቡር አለ። ትልቁ ኩባንያ ራሱ ሲመቸው ነው የሚመጣው።

ዴልመር እንደ ልማዱ ባቡሩን ጥግ አስይዞ ይጠብቀናል። የትልቁ ኩባንያ ነጂ ነው፤ ግን መንገድ ይለቅልናል። ፈቃድ? ማንም ጠይቆ አያውቅም። በሬዲዮ፣ "እለፊ ጋይል፣ እኔ ሳንድዊቼን ልጨርስ" አለኝ። ስናልፍ እጁን አነሳ። ባቡር ካየ እጁ አያርፍም፤ ማን እንዳለበት እንኳ አያይም።

ሐሙስ፣ ጁን 27

አጨዳው ደራ። ጎተራው ስለሞላ ሮንዳ ስንዴውን ሜዳ ላይ ታስዘረግፋለች። ስትጨነቅ ትቀልዳለች፣ የጎተራው ኃላፊ ሆና እንዴት እንደምትችልበት...

"ዝናብ ከመጣ ዳቦው ቀርቶ ቢራ ነው የምንጠምቀው።" ከዚያ ቀልዱን ተወችው። "ጋይል፣ በዴልመር ቸርነት አንዘልቅም። በየቀኑ መውጣት አለብን።"

እውነቷን ነው። ሰኞ ከትልቁ ኩባንያ ጋር ስብሰባ አለኝ። ማይሏን በውል እንዲፈቅዱልን ልለምን።

ሰኞ፣ ጁላይ 1

ምን ነካኝ?

ጠበቃቸው ሚስተር ፔልሃም ጨዋ ሰው ነው። "ባቡራችሁ የኛን እንዳያዘገይ እንሰጋለን" አለ። እኔም ኮራ ብዬ፣ "ስንት ዓመት ስናልፍ አንድም ቀን አዘግይተናችሁ አናውቅም!"



"ስታልፉ?" አለ ፔልሃም።

እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ለካ ዋናው መሥሪያ ቤት አያውቅም ነበር። ያወቀ ሁሉ አፉን የያዘው ለዴልመር ብሎ ነበር... እኔ ስቀር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ዴልመር ታገደ። ለጡረታው ጥቂት ወራት ቀርተውት።

ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ኦፓል የቼሪ ፓይ አቀረበችልኝ። 

"ማን ነገራቸው?" አለ ዴልመር።

"እኔ። ስኩራራ አፌ አመለጠኝ።"

ሹካውን አስቀመጠ። "አንቺ እኮ ጉራ አታውቂም ነበር" አለና ሳቀ። ኦፓል አልሳቀችም።

ዓርብ፣ ጁላይ 5

ፔልሃም ደወለ። ይፈቅዱልናል፣ በየቀኑ! ግን ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች። እስከ ዛሬ ያለፍነው አንድ ሠራተኛቸው ያለ ሥልጣኑ አሳልፎን መሆኑን በፊርማችን እናረጋግጣለን።

"ይህን ከፈረምኩ ሰውዬው አለቀለት" አልኩት።

"ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ቢገናኝ ኖሮስ፣ እመቤቴ?"

ልክ ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

በምዕራብ በኩል ደመና። ሮንዳ ስንዴውን የምትሸፍንበት ሸራ ፍለጋ ካንሳስን እያካለለች ነው።

እሑድ፣ ጁላይ 7

ለዴልመር ደወልኩለት። ስለ ዓረፍተ ነገሯ ነገርኩት። "ምን ላድርግ?"

"እሱንም እኔን ትጠይቂኛለሽ?" ዘጋው።

ምን እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት? "ፈርሚ" እንዲለኝ... በራሱ ላይ ራሱ እንዲፈርድልኝ። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ፈረምኩ። ስንት ገበሬ፣ ስንት የኛ ሠራተኛ እያልኩ ፈረምኩ።  

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

በውሉ የመጀመሪያው ጉዞ። ከነጂያችን ከሊሮይ ጎን ተቀመጥኩ። አሁን የሚያሳልፈን ሩቅ ከተማ ያለ ሰው ነው፤ በሬዲዮ በባቡሩ ቁጥር ይጠራናል። ሜዳው ላይ የነበረው ስንዴ ፉርጎዎቹ ላይ ተጭኗል። ሮንዳ ጠዋት አቅፋኝ ነበር።

ማይሏ መሃል፣ መኪና መሻገሪያው ጋ፣ የዴልመር ፒክአፕ ቆሟል። ፊርማዬን ይዘው ከሥራ ካሰናበቱት ወዲህ አላየሁትም። በሩን ተደግፎ ነበር። ሊሮይ ጡሩምባውን ነፋ። ዴልመር እጁን አነሳ፣ እንደ ልማዱ፣ ማን እንዳለበት ሳያይ።

ከዚያ ቀና አለ። እጁን አውርዶ ኪሱ ከተተው።

ሊሮይ፣ "አንቺን አላየሽም መሰለኝ" አለኝ።

አይቶኛል።