ጀርባዬን ለጀልባው

ለልጄ አባት፤

እንደምን ሰነበትክ? የወገብህ ነገር እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልህን እንቅስቃሴ ጠዋት ጠዋት ትሠራለህ ወይስ ዛሬም «ከሰኞ ጀምሮ» እያልክ ነው? የወጥ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም በጣም ደህና ነኝ። ይህን ከራሴ አፍ እንድትሰማው ብዬ ነው አስረግጬ የምነግርህ፤ ምክንያቱም ሰሞኑን ስለ ጤንነቴ ከእኔ በላይ የምታውቀው አንተ ሆነህ ተገኝተሃል።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን። ተናድጃለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ገና አፌን ስከፍት ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ተረጋጊ» ትለኛለህ፤ «ተረጋጊ» ስባል ምን እንደምሆን ደግሞ አንተም ታውቃለህ፣ የድሮ ጎረቤቶቻችንም ያውቃሉ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። ወረቀት መሀል ገብቶ አያቋርጠኝም።

ለክለቡ አሰልጣኝ የደወልከው አንተ ነህ። እንዳትክድ። «ባለቤቷ ነኝ» ብለህ ራስህን አስተዋወቅህ። ስንለያይ ልጃችን ተማሪ ነበረች፣ ዛሬ የራሷ ቤት አላት፤ አንተ ግን አሁንም ባለቤቴ ነህ! ከዚያ ልቧ ደካማ ነው፣ ሐኪም ውሃ ከልክሏታል፣ እልኸኛ ስለሆነች አትናገርም አልከው። እልኸኛ ያልከውን እቀበላለሁ። ሌላውን ከየት አመጣኸው?

ነገሩን ከሥር መሠረቱ ልንገርህ፤ ከልጃችን የሰማኸው ቁርጥራጭ ነውና።

ሐይቁ ዳር ያለው የውሃ ስፖርት ክለብ የጀልባዎቹን ወንበሮች አዲስ ልብስ እንዳለብስለት አዘዘኝ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ሄድኩ። አንዱ ጀልባ ውስጥ ተንበርክኬ ሌዘሩን በስፒል እያያያዝኩ ሳለ ቀና ብል፣ አንዲት ሴት በሌላ ጀልባ ተጎትታ ስትመጣ አየሁ። የቆመችበት ነገር አጭርና ሰፋ ያለ ጣውላ ነው፤ የትንሽ ጠረጴዛ ፊት ይመስላል። ገመዱን እንደያዘች ድንገት ዞረች። ፊቷን ወደ ኋላ፣ ጀርባዋን ወደ ጀልባው አድርጋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተንሸራታ ሄደች። ከዚያ ደግሞ፣ ዕቃ ረስታ ወደ ክፍሏ እንደምትመለስ ሰው፣ ዞር ብላ ቀጠለች። አፌ ውስጥ የያዝኳቸው ስፒሎች ሁሉ ጀልባው ወለል ላይ ተበተኑ።

አሰልጣኙን በስንት ዓመት እንደሚጀመር ጠየቅሁት። ለልጅ ልጄ መሰለው። «ለእኔ ነው» አልኩት። አልሳቀም። ጉልበቴን አየ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዋና እንደምችል አታውቅም። ከተለያየን በኋላ ነው በማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ የተማርኩት፤ ያኔ የሚከለክለኝ ሰው ስላልነበረ ለማንም መንገር አላስፈለገኝም። አሰልጣኙም ስዋኝ አይቶ ነው እሺ ያለኝ። መጀመሪያ በሁለት ረጃጅም መንሸራተቻዎች ቀጥ ብሎ መሄድን አስተማረኝ፤ ያንን ስችል አጭሩን ሰጠኝ። የአጭሩ ጣውላ ጠባይ ልዩ ነው። ረጅሞቹ ከሥራቸው ውሃውን የሚይዝ ክንፍ አላቸው፤ ይህኛው የለውም፣ ሆዱ ልሙጥ ነው። እንዲዞር ተብሎ ስለተሠራ ሳትፈልገውም ይዞራል። እርጥብ ሳሙና ላይ ቆመህ ሰው ሲጎትትህ አስበው። በአፍንጫዬ የገባው ውሃ በጆሮዬ የወጣ የመሰለኝ ጊዜ አለ። እጄ ላይ ውሃ ቋጠረ፤ ብብቴ ሥር በልዞ፣ መቀስ ለማንሳት እንኳ አቃስት ነበር። ግን ያ ሁሉ የራሴ ነው። ማንም ያላዘዘኝ፣ ማንም ያልለካልኝ ሕመም ነው።

አሰልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እማማ፣ ጉልበትዎን ዕጥፍ! እማማ፣ እጀታውን ወደ ወገብዎ!» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከውሃው እንደወጣሁ፣ የወለድኳት ልጅ አለችኝና ሌላ አልፈልግም፣ እዚህ «አንቺ» በለኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ «ባለ ስፒሏ» ነው የሚለኝ። ይሻላል።

በደረቁም እለማመዳለሁ። የወርክሾፑ መስኮት ብረት ላይ ገመድ አስሬ፣ ከሶፋ የተረፈ ስፖንጅ ላይ ቆሜ እዞራለሁ። አንዷ ደንበኛዬ የመጋረጃዋን ነገር ልትጠይቅ ስትገባ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ እጀታውን ከወገቤ በስተኋላ ይዤ፣ ጉልበቴን አጥፌ አገኘችኝ። ለወገብ ሕመም ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ይኸው በአንተ ሕመም እኔ ዋሸሁ።

እንግዲህ የአንተ ስልክ የመጣው ግማሽ ዙሩ ሊሳካልኝ ትንሽ ሲቀረው ነው። የዋና ልብሴንና ተንሳፋፊ ጃኬቴን ለብሼ መዝጊያዎቹን ሁሉ ቆልፌ ወደ ጀልባው ስሄድ፣ አሰልጣኙ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጠበቀኝ። መጀመሪያ የጀልባው ሞተር ችግር አለበት አለ። ሞተሩ እየሠራ ነበር። ከዚያ ነፋስ አለ አለ። ነፋስ አልነበረም። በመጨረሻ ጨነቀውና «ባለቤትሽ ደውለው ነበር» አለኝ።

የቱ ባለቤቴ እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱም ግራ ገባው። ሐኪም ደህና ናት ካላለኝ አላስገባሽም አለ። በእሱ አልፈርድም፤ የሰው ነፍስ በእጁ ነው። በአንተ ግን እፈርዳለሁ። ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? በሰው ፊት የጃኬቴን መዝጊያዎች አንድ በአንድ ስፈታ፣ በስተርጅና ከመጫወቻ ቦታ ተጎትታ የወጣች ልጅ ሆንኩ።

ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ «ይቅርብሽ» ያልከኝን ሁሉ አሰብኩት። መኪና መንዳት ልማር ስል፣ መንገዱ መጥፎ ነው ይቅርብሽ። ያ የሶፋና የወንበር ልብስ ፋብሪካ ሌላ ከተማ ወስዶ የስፌት ኃላፊ ሊያደርገኝ ሲል፣ ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ ይቅርብሽ። መጋረጃ ልሰቅል መሰላል ስወጣ እንኳ፣ መጋረጃ መስቀል እንጀራዬ መሆኑን እያወቅህ፣ ከሥር ቆመህ መሰላሉን በሁለት እጅህ ጨብጠህ ይቅርብሽ። ክፉ ቃል ተናግረኸኝ አታውቅም። ክፉ ቃል ቢሆን ኖሮ ቶሎ እሄድ ነበር። በደግነት የተከበበ ሰው በሩ የት እንዳለ ለማግኘት ብዙ ይፈጅበታል።

አንዲት የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልቤን በፊትም በኋላም አዳመጠች፣ በሚንቀሳቀሰው መሮጫ ላይ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ አስኬደችኝ፣ ሽቦውን ሁሉ ለጥፋ አየችው። ጤነኛ ነው አለችኝ፣ ወረቀትም ጻፈችልኝ፤ ደግሞ ደካማ ነው ያለሽ ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። «አዳምጦት የማያውቅ ሰው ነው» አልኳት።

ስለዚህ ለአሰልጣኙ ደውልና ስለ ልቤ የተናገርከውን አስተካክል። ከአንተ አፍ ነው የምፈልገው፤ የሐኪሟ ወረቀት ለእሱ በቅቶታል፣ ለእኔ አይበቃኝም። ሌላውን፣ ባለቤቴ ነኝ ያልከውን፣ ራሴ አስተካክዬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እስካሁን አልነገርኩትም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ቀጥለህ ደግሞ ልጃችንን ላክህብኝ። በር ላይ ስትቆም ገና ተልካ እንደመጣች አወቅሁ፤ ንግግር ስታጠና የምታደርገውን ያን የትምህርት ቤት ፊቷን ይዛ ነበር። «እማዬ፣ አባዬ እንቅልፍ አጥቷል» አለችኝ። እኔ እሱ እንቅልፍ እንዲያገኝ አልጋ ላይ ተኝቼ ልዋል? ቅዳሜ ነይና እይ፣ ከዚያ የምትይውን እሰማሻለሁ አልኳት። መጣች። ጀልባው ላይ ከነጂው ሌላ ወደ ኋላ እያየ ተንሸራታቹን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ አሰልጣኙ እሷን አስቀመጣት። እኔ የሰፋሁትን ወንበር በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኝ ነበር። ሕፃን ሆና እኔ እሷን እንደዚያ እመለከታት ነበር።

መጀመሪያ ወደቅሁ። ደግሜም ወደቅሁ። ልጃችን ገመዱ ወደ እኔ እስኪመለስ ከንፈሯን ትነክስ ነበር። ከዚያ ወደ ክለቡ ስንመለስ፣ ዳርቻውን ተከትለን ስንሄድ፣ እጀታውን ወደ ወገቤ ሳብኩት፣ አንዱን እጄን ለቀቅሁ፣ ዞርኩ። በቃ ዞርኩ! ሁለተኛው እጄ ከጀርባዬ ሄዶ እጀታውን ራሱ አገኘው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ወደፊት ስትሄድ ጀልባው አለ፣ ጫጫታው አለ፣ የሚረጭህ ውሃ አለ። ስትዞር ያ ሁሉ ከጀርባህ ይሆንና ፊትህ ባዶ ይሆናል። ውሃው ከእግርህ ሥር እየወጣ ይርቅሃል። የት እንደምትሄድ አታይም፤ የምታየው የመጣህበትን ነው። ፈርቼ ነበር ብልህ ደስ ይልህ ይሆናል። አልፈራሁም። ሳቄ መጣ።

ያኔ ነው አንድ ሰውዬ ያየሁት። ከክለቡ አጥር ውጪ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ኮቱን እንደለበሰ ቆሟል። እጆቹን ከኋላው አቆላልፏል። ትኩረቴ ተሰረቀና ተረከዜ ውሃውን ነከሰ፤ በጀርባዬ ወደቅሁ።

ጃኬቱ ወዲያው ያነሳል። ግን አንድ እግሬ ከጣውላው ማሰሪያ አልወጣ ስላለኝ ጎንበስ ብዬ ፊቴን ውሃ ውስጥ አድርጌ እታገል ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሰመጥኩ እመስል ይሆናል። እግሬን አላቅቄ፣ ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል፣ ሰውየው ውሃ ውስጥ ነው። ከነኮቱ። እስከ ደረቱ ገብቷል። እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ፣ መብራት በጠፋበት ክፍል ግድግዳ እንደሚፈልግ ሰው እየዳበሰ ወደ እኔ ይመጣል። ዋና የሚችል ሰው እንደዚያ አይሄድም። ደህና ነኝ ለማለት እጄን ከፍ አደረግሁ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። እሱም ቆመ። ውሃው አገጩ ሥር እየተገፋ አየኝ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ እየተደናቀፈ ወጣና ጀልባው ሳይደርስ ከዛፎቹ ጀርባ ጠፋ።

ልጃችንን ማን ነው አልኳት። ዓሣ አጥማጅ ይሆናል አለችኝ፤ ጥፍሯን እያየች። ውሸት የማይሆንላት በአንተ ወጥታ ነው። ክራባት አስሮ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ምናልባት ብታገኘው ግን ንገርልኝ፤ ተናድጃለሁ። እዚያ ጋ ከታች ጭቃ ነው፤ ጥቂት እርምጃ አልፎ ድንገት ገደል ይሆናል። ክለቡ ምልክት የተከለው ለጌጥ አይደለም። ዋና ሳይችሉ ውሃ መግባት ምን ማለት ነው? ቢሰምጥስ? የሚያስብለት ሰው የለውም? ጀልባው ላይ ስወጣ ዓይኔን ከዛፎቹ አልነቀልኩም፤ ልጃችን በውድቀቱ የደነገጥኩ መሰላት፣ ፎጣ ደረበችልኝ። ከውሃው ውስጥ ሆኜ ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ቃል የቱ እንደሆነ አልነግርህም፤ የአንተው ቃል ነው። ዋጥኩት።

የክለቡ ዘበኛ በማግስቱ አንድ የቆዳ ጫማ ከጭቃው ውስጥ አውጥቶ አመጣልኝ። የግራ እግር ነው፤ ተረከዙ በውጪ በኩል አልቋል። ለምን ለእኔ እንዳመጣው አልጠየቅሁትም። አጥቤ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ ጥላ ውስጥ አድርቄዋለሁ። በሰው አልክም። ባለቤቱ በአንድ እግር ጫማ ሊኖር ካልፈለገ መጥቶ ይውሰድ። ወርክሾፑ እስከ ምሽት ክፍት ነው።

በማዘጋጃ ቤቱ መዋኛም በዚያው ሳልፍ ጠየቅሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ የጎልማሶች ጀማሪ ክፍል አለ፤ ውሃው ደረት ድረስ ነው፣ ወለሉ ንጹሕ ነው፣ የትም ቦታ ብትቆም እግርህ መሬት ይነካል። ለወገብ እንደሚያገለግልም አስተማሪዋ ነግራኛለች። ማንንም አላስመዘገብኩም። ሰውን ሳልጠይቅ ስለ ሰው አልወስንም። እኔ ግን ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እዚያው መዋኘቴ አይቀርም።

ጤና ይስጥህ። ወገብህን ያጽናልህ፤ እንቅልፍህንም ይመልስልህ። ኮቱን ለልብስ ንጽሕና ቤት ስጠው እንጂ ራስህ አትጠበው፤ ገበሩ ይሸበሸባል።

የልጅህ እናት