ሠርቶ ማሳያው ላይ የዘራሁት

ውድ ባለሜትሩ፣

ዋናው የግብርና ቢሮ ከገባህ ወዲህም እዚህ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። ሜትርህን አንገትህ ላይ ጠምጥመህ በየማሳችን መዞርህ አልተረሳም። ይህን የምጽፈው ደህንነትህን ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። የሠራሁትን ልነግርህ ነው፤ ከዚያ አንተም የሠራኸውን ትነግረኛለህ።

መንገድ ዳር ያለውን ማሳዬን ለሠርቶ ማሳያ ስትመርጥ አላመንኩህም። አዲሱን የጥጥ ዘር ሰጥተኸኝ፣ ሦስት ጊዜ ይታረማል፣ መድኃኒት ይረጫል፣ ውኃ በቀኑ ይገባለታል አልክ። እንዲህ ከተቀማጠለ ድንጋይም ያብባል አልኩ በልቤ። የሚፈተነው ዘሩ ነው ወይስ እንክብካቤው? ስለዚህ በዘር ቀን አንተ ለስብሰባ ስትጠራ ለወጥኩት። መንገድ ዳር ነባሩን ዘራችንን ዘራሁ። ያንተን ከጉብታው ጀርባ ወስጄ እንደ ልማዳችን በትኜ ተውኩት። ያወቀችው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። «እሱን ስትጠረጥር አንተው ተጠርጣሪ ሆንክ» አለችኝ።

ጥጡ ሲፈነዳ እንግዶችህን በመኪና አመጣህ። ፎቶ ተነሡ፣ አዲሱን ዘር አወደሱ፣ አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ከጉብታው ጀርባ ያለው ከጉልበት አላለፈም ነበር።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እንግዶቹ ወደ መኪናው ሲሄዱ አንተ ወደ ኋላ ቀረህ። አንድ ጥጥ ለቀምክና ፍሬውን አላቀቅከው። የነባሩ ፍሬ አረንጓዴ ጸጉር እንዳለው፣ የአዲሱ ግን ነጭ እንደሆነ ያስተማርከን አንተው ነህ። አገላብጠህ አየኸው። ከዚያ ኪስህ ከተትከውና «አባባ፣ ዘንድሮ አኮሩኝ» አልከኝ። ስትናገር የምታየው ጫማዬን ነበር። በወሩ ሹመትህን ሰማን።

አሁን ደግሞ ትእዛዝ መጥቷል። አዲሱን ዘር የሚወስድ ሁሉ ነባሩን ለዘይት መጭመቂያው ያስረክብ ተብሏል። ማክሰኞ በስብሰባ ይወሰናል። ጎረቤቶቼ «ያንተን ማሳ በዓይናችን አይተን የለ» እያሉ ከወዲሁ ጆንያ እያሰሩ ነው። አዲሱ ዘር መጥፎ ነው አልልም፤ እዚህ በቅጡ ተይዞ ያየው ሰው የለም። ነባሩ ግን አንዴ ከተጨመቀ ተመልሶ አይበቅልም።

ከቢሮው በፊት ለአንተ የጻፍኩት አንተን ስጠረጥር ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው። ምናልባት ቸኩለህ ፍሬውን ልብ አላልከው ይሆናል። ይህንኑ ለባለቤቴ ብነግራት ሳቀች።

ማክሰኞ ሰው ፊት ቆሜ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ከመጣህ አብረን እንሰደባለን። ከቀረህ እኔ የራሴን ስድብ እጠጣለሁ፤ ያንተን ድርሻ ግን በስምህ አስቀምጥልሃለሁ።

ማሳውን ያዋሰህ ሰው