ለኩላሊቴ የላክሽልኝ ዘምዘም

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለዘይነት፣
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እህት ዓለም፣ ከቤታችን ደጃፍ ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ አንቺ ዘንድ እስኪደርስ የማይደክመው ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? በረኪና የላጠው እጅሽ ዳነልሽ? አሠሪሽ ያንን አራስ ልጅ ከታቀፈች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ታገኛለሽ? የጁምዓ እረፍትሽንስ መለሱልሽ ወይስ አሁንም ዛሬ ነገ እያሉሽ ነው?

እኛ ሁላችን አልሀምዱሊላህ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። አባባም በሕይወት ሳሉ ደብዳቤ ሲያስጽፉን ከዚህ ቃል አልፈው አያውቁም። እኔ ግን እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ተነሣሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። እውነቱን ካልጻፍሁ ወረቀቱን ማበላሸት ምን ይጠቅመኛል አልሁ። እኔ ደህና አይደለሁም።

በስልክ ያልነገርሁሽ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ኔትወርኩ አንድ ቀን ቢመጣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ሲመጣም እማዬ ድምፁን ለቅቃ መሐል ቤት ታስቀምጥሻለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ ሰላም ይልሻል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ መሐል አይወራም። ስለዚህ ለዑምራ ለምትመጣው ለወረታዋ አክስታችን ልጅ አሽጌ እሰጣታለሁ።

ዘይነት፣ ኩላሊቴ ታሞ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከረመዳን በኋላ ነው። አንዲት ሴትዮ ለልጇ ሠርግ ጨርቅ ልትመርጥ ሱቃችን መጥታ ጣቃ በጣቃ ላይ አስፈታችኝ። አየች፣ ዳበሰች፣ ሳትገዛ ሄደች። ይኼ የዘወትር ነው፤ አንቺም ሱቅ ስትቀመጪ ስንቱን አይተሻል። ጨርቁን መልሼ መጠቅለል ግን አቃተኝ። እጄን አሞኝ አይደለም። ብጠቀልለውስ ምን ሊሆን ነው የሚል ነገር መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። የተዘረጋውን ጨርቅ እያየሁ እስከ ዓስር ሶላት ቆሜ ዋልሁ። በማግስቱ ሱቅ አልሄድሁም።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀኖች አንዱን ከአንዱ አልለያቸውም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ፤ እንቅልፍ የለም። ምግብ አፌ ውስጥ ገብቶ ይዞርብኛል እንጂ አይወርድም። ልጄ ሀኒ ጓሮ ስትስቅ ስሰማ የጎረቤት ልጅ ድምፅ ይመስለኛል። ይህን ስጽፍልሽ አፍሬያለሁ፤ ግን እንደሱ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው ብትዪኝ አላውቅም። አንዳንዴ ተኩስ የበዛበት ጊዜ ነው እላለሁ፤ በር ዘግተን ወለል ላይ የምናድርበት ጊዜ። ያንን ግን ሰው ሁሉ ከኛ እኩል አሳልፎታል፤ ዛሬ ሥራውን ይሠራል፣ ይስቃልም። እኔ ብቻ ምን ሆኜ ቀረሁ?

የሱቅ ጎረቤቶቻችን መጥፋቴን አይተው ቤት ድረስ ሲጠይቁ፣ እማዬ በር ላይ ቆማ ኩላሊቱን ነው አለቻቸው። ለምን ኩላሊት እንደመጣላት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጉበት ብላ ቢሆን ኖሮ ቅባት ይከለክሉኝ ነበር፤ ኩላሊት በማለቷ በውሃ ሊያፈነዱኝ ደረሱ። እማዬን አትቆጫት። እብድ የሚል ስም አንዴ ከተለጠፈ ከልጅ ልጅ አይለቅም ብላ ፈርታ ነው። ባለቤቴ ተቅዋ አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም አላስተባበልሁም፤ ለመናገር አቅም የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ያኔ ተራራ ነበር።

ሰዉ ግን እንዴት ያለ ሰው ነው! ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ የታሸገው ጁስ ቤቱን ሞላው። አንዱ የገብስ ውሃ ይለኛል፣ አንዱ ተልባ፣ አንዱ ደረጃ ለደረጃ ዝለል ጠጠሩ ይወርዳል ይለኛል። አላህ ያሽርህ ብለው እጄን ጨብጠው ሲወጡ፣ ያ ሁሉ ደግነት እኔን አልፎ ሌላ ሰው ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ለማላውቀው ሕመም የመጣ ብርቱካን እልጥ ነበር። አንቺም ካዕባን እየዞርሽ ጠዋፍ ስታደርጊ ኩላሊቴን በስሙ እየጠራሽ እንደለመንሽልኝ በስልክ ስትነግሪኝ፣ እማዬ አሚን አለች፣ እኔም አሚን አልሁ። በባሕር ዳር ከተማ እንደኔ ኩላሊት ዱዓ የተደረገለት ኩላሊት ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወደ ግድግዳዬ ዞርሁ። እንዲያ ብቻዬን የሆንሁበት ቀን አልነበረም።

አሁን የምነግርሽን ስታነቢ አትደንግጪ፤ ይኸው እየጻፍሁልሽ ነውና አልፏል። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከዓስር በኋላ ልናፈስ ነው ብዬ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ እነሱን አልፌ ሰው ወደሌለበት፣ ፊላው ወደበዛበት ሄድሁ። ወደ ቤት ላለመመለስ ነበር የሄድሁት። ከዚህ በላይ አልጽፈውም፤ አንቺ ትረጂኛለሽ።

ጣናን እያየሁ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ የብስክሌት ቃጭል ሰማሁ። ጋሽ ይትባረክ ናቸው፤ የሱቃችን በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉት፣ የመጀመሪያውን ጥቁር ዓባያሽን የሰፉልሽ። ከሐይቁ ዳር እስከ ፔዳ የሚሰማ በሚመስል ድምፅ አብዱልበሲጥ፣ ኩላሊትህስ እንዴት ነው፣ ውሃ በደንብ እየጠጣህ ነው ወይ አሉኝ። ጣና ፊቴ ተንጣልሎ ውሃ ጠጣ ይሉኛል! ሳቄ አመለጠኝ። ከስንት ወር በኋላ መሳቄ ነው። ሳቁ ግን አልቆም አለ፣ ወደ ልቅሶ ዞረ። ጋሼ ኩላሊቴ ጤነኛ ነው፣ የታመምሁት እኔ ነኝ፣ መኖር አቅቶኛል አልኋቸው።

ብስክሌታቸውን ሣሩ ላይ ጣሉት። እንዲህ ያለውን በሽታ እኔ አላውቀውም፣ የሚያውቅ ሐኪም ግን አይጠፋም፣ ለዛሬ ወደ ቤት እንሂድ ብቻ ነው ያሉኝ። እሳቸው በአንድ በኩል ብስክሌቱን እየገፉ፣ እኔ በሌላ በኩል መሪውን ይዤ፣ እንደ ሕፃን እያለቀስሁ ደጃችን ደረስን።

በማግስቱ በጠዋት ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡ። እማዬ ግራ ገብቷት ባለፈው አምጥተው የለም እንዴ ጋሽ ይትባረክ፣ ምን አስቸገረዎ አለቻቸው። ያ ለኩላሊቱ ነበር አሉ። ይኼ ለአሁኑ ነው። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ አዲስ የታመመ ሰው እንደሚጠይቁ ሆነው፣ እግዜር ይማርህ አሉኝ። ዘይነት፣ ያ ቃል እኔ ላይ አረፈ። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወጣች።

ሆስፒታል የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድባቴ ይባላል፣ ሕመም ነው፣ ይታከማል አለችኝ። ተሻለኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ክኒኑን እውጣለሁ፤ አፌን ስለሚያደርቀኝ ጠያቂዎቼ እንደተመኙልኝ ውሃ ስጠጣ እውላለሁ። እንቅልፍ ጥቂት መጥቷል። ጨለማው ግን አልሄደም። ብዙ ጠዋት ስነቃ ለምን ነቃሁ እላለሁ። ሐኪሟ ጊዜ ስጠው ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ የሌለኝ እሱ ይመስለኛል። ሆስፒታሉ የትኛው ክፍል እንደምታከም ወሬው ከተሰማ ወዲህ ሌላው ጠያቂ ሁሉ ቀርቷል። በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው አጭር ናት፤ እንዴት ነህ ብለው መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እማዬ ማታ ማታ ራስጌዬ ሆና ያሲን ትቀራልኛለች፤ ለሰው ግን አሁንም ኩላሊቱን ነው ትላለች። ተቅዋ ሽንት ቤት ጥቂት ከቆየሁ መጥታ በሩን ታንኳኳለች። ምን ፈለግሽ ስላት ምንም ትለኛለች።

ሱቁን አንዳንድ ቀን ግማሽ ቀን እከፍታለሁ። ጋሽ ይትባረክ በተዘጋው በር ፊት የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ጠብቀውኝ ነው የከረሙት። ሰው ቢያስፈታኝ ጨርቁን ተነሥተው በሌላው ጫፍ ይይዙልኛል፤ ሁለት ሆነን እንጠቀልለዋለን። እስካሁን የምችለው ይህን ያህል ነው።

አሁን ይህን ሁሉ የጻፍሁበትን ልንገርሽ። የላክሽልኝ ዘምዘም ደርሶኛል፤ አላህ ይቀበልሽ። እማዬ በየቀኑ ጠጣ ትለኛለች። ክዳኑን ስንቴ ይዤ መልሼ አስቀመጥሁት። በምን ንያ፣ ምን አስቤ ልጠጣው? አንቺ የቀራሽበትም ያለቀስሽበትም ለኩላሊቴ ነው። አላህ የልብን ያውቃል፣ ስም ቢሳሳት አይጠፋበትም ትዪኝ ይሆናል። እሱ አያጠያይቅም። እኔ የፈለግሁት አንቺ እንድታውቂ ነው። ከአንድ ማሕፀን የወጣን ሁለት ነን፤ አንዷ ምን እንደታመምሁ ሳታውቅ ብሞት ያሳዝነኛል፣ ሳታውቅ ብድንም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ እህት ዓለም፣ በሚቀጥለው ጁምዓ መካ ሐረም ባትደርሺ እንኳ ያለሽበት ወጥ ቤት ሆነሽ፣ ወንድሜ ልቡ ጨልሞበታል፣ መኖር ከብዶታል ብለሽ እንደገና ለምኚልኝ። ከዚያ ስትደውዪ ድምፅሽ መሐል ቤት ቢሆንም ግድ የለኝም። ኩላሊትህስ አትበዪኝ። ልብህስ በዪኝ፤ እማዬም ትስማ፣ ጎረቤቱም ይስማ።

አብረውሽ ለሚኖሩት ለኮምቦልቻዋና ለጅማዋ ጓደኞችሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ያንን የምታሳድጊውን አራስ ሳሚልኝ። እማዬ ዓይኗ እስኪያይሽ ናፍቃለች፤ ጉንጭሽን ትስማለች። ተቅዋ ሰላም ትልሻለች፤ መጻፌን እሷ ብቻ ታውቃለች። ሀኒ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ አክስቴ ትምጣ ትላለች። ጋሽ ይትባረክ ዓባያሽ ጠብቦሽ እንደሆን ልኬሽን ላኪ ብለውሻል።

የዘምዘሙ ጄሪካን አልጋዬ ሥር ነው። እስክትደውዪ አልከፍተውም።

ወንድምሽ አብዱልበሲጥ
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.