በእናታችን ቀብር ያልጮኽሁበት ምክንያት

ይድረስ ለወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የዱሩ ብርድስ፣ ረኃቡስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከልደታ ቤታችን አለሁ። ግን ተናድጄ ነው የምጽፍልህ።

በእናቷ ቀብር ያልጮኸች፣ ጣልያን ሐኪም ቤት የምትመላለስ እህት የለችኝም ብለሃል አሉ። ማን ነገረህ? የአጎታችን ልጅ የሻረግ ናት? ቀብሩ ላይ ደረቷን እየደቃች ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። አንተስ፣ አዝዬ ያሳደግሁህ ሰውዬ፣ ለምን ብለህ አንድ ጊዜ አትጠይቅም?

ስማ እንግዲህ። ድምፄ ከጎረነነ ዓመት አልፎታል፤ ቀጥሎ ትንፋሼ ያፏጭ ጀመር። እናታችን እንጥልሽ ወርዶ ነው ብላ አብነት ሰፈር ካሉት እንጥል ቆራጭ ወሰደችኝ። ጤነኛ እንጥሌን ቆረጡት። ደም ስተፋ ሰነበትሁ፣ ትንፋሼም ባሰበት። እስክትሞት ድረስ እኔ ነኝ ያስቆረጥኋት እያለች አለቀሰች። እሷን አልወቅስም፤ ሁላችንም የምናውቀው ያንን ነበር።

አንድ ቀን ሰንጋ ተራ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ወደቅሁ። ጎረቤታችን ኑሪ አንሥቶ ጣልያን ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ሐኪሙ በመስታወት ጉሮሮዬን አየና ነቀርሳ አይደለም፣ ኪንታሮት የመሰለ ሥጋ በቅሎ መተንፈሻዋን ዘግቶታል አለ በአስተርጓሚው። አንገቴን በስቶ ቱቦ ከተተልኝ፤ የምተነፍሰው በዚያ ነው። ሥጋውን በሌላ ቀን አወጣዋለሁ፣ ድምፅሽም ይመለሳል ብሎ ቀጠረኝ። እናታችን ከቀጠሮው በፊት ሞተች። በምን ልጩህ? በአንገቴ ቀዳዳ?

በቀጠሮዬ ቀን ከሐኪሙ ጎን አንድ የጣልያን መኮንን ተቀምጦ ጠበቀኝ። አስተርጓሚው ስምህን ከነአባትህ ጠራው። ወንድምሽ የት ነው ያለው? ጥያቄዋ ይህች ብቻ ናት፣ መልሱን ጻፊና ሐኪሙ ሥራውን ይጀምራል አለኝ። ወረቀትና እርሳስ አቀረበልኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አላየኝም።

ወረቀቱን ባዶውን መለስሁለት። እርሳሱን ግን ነጠላዬ ውስጥ ይዤው ወጣሁ፤ ይህን የምጽፍልህ በእሱ ነው።

ደግሜ አልተቀጠርሁም። ሥጋውም እዚያው አለ፣ ያድጋል።

ኑሪ ይህን እንደሰጠህ አንብበህ አቃጥለው። ካለህበትም ዛሬውኑ ተነሥ፤ እኔ ያወቅሁትን ሌላም ሰው ማወቁ አይቀርም። የሻረግን ደግሞ ምንም አትንገራት።

ልደታ ማርያም ከጥይት ትሰውርህ። ለቤትህ በሰላም ያብቃህ። ስትመለስ ለእናታችን አንተ ነህ የምትጮኽላት፣ በእኔም ፈንታ።

የለችኝም ያልሃት ታላቅ እህትህ